አዲስ አገር ወደ ቀጠናዊ ማኅበር ሲገባ ገበያውና ሰዉ ምን ይሆናሉ? ከሐዋሳ ተደጋግመው የሚነሡ ጥያቄዎች

ሶማሊያ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ሙሉ አባል ከሆነች ወዲህ አንድ ጥያቄ ሐዋሳ ውስጥ በሄድኩበት ይከተለኛል፤ «እኛስ ብንገባ ምን ይመጣል?» ኢኮኖሚክስ ስለማስተምር ተማሪዎቼ በክፍል ያነሡታል። ከሞያሌ ዕቃ የሚያመጡ ነጋዴዎች መናኸሪያ አካባቢ ያስቆሙኛል። ልጃቸው ወደ ደቡብ አፍሪካ ለመሄድ የተነሣባቸው እናቶች ደግሞ ለቅሶ ቤት ሳይቀር አጠገቤ ቁጭ ብለው ይጠይቁኛል። ለእያንዳንዱ የምሰጠውን መልስ እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኢትዮጵያ አባል የሆነችው በየትኛው ማኅበር ነው?

የኢጋድ፣ ማለትም የአፍሪካ ቀንድና የአካባቢው አገሮች ማኅበር፣ እንዲሁም የኮሜሳ፣ ማለትም የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ የጋራ ገበያ፣ አባል ናት። ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ የብሪክስ አባል ሆናለች። የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጠና ስምምነትንም በ2019 አጽድቃለች። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል ግን አይደለችም።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ አባልነት ሁሉ አንድ ይመስለዋል። ብሪክስ የመሪዎች መመካከሪያ መድረክ ነው፤ ቀረጥ አያነሣም፣ ለሠራተኛ ድንበር አይከፍትም። ኮሜሳ ውስጥ ደግሞ በ2000 የተጀመረ ነፃ የንግድ ቀጠና አለ፤ ኢትዮጵያ የማኅበሩ አባል ሆና ሳለ ከዚያ ቀጠና ውጭ ቆይታለች። እድር ገብቶ መዋጮ እየከፈሉ ድንኳኑን እንዳለመጠቀም ነው። ስለዚህ «አባል ነን ወይ?» ከማለት በፊት «የትኛው ደረጃ ላይ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ደረጃዎቹ በአጭሩ እንዲህ ናቸው። በነፃ ንግድ ቀጠና አባላት እርስ በርሳቸው ቀረጥ ያነሣሉ፤ በውጭ አገር ዕቃ ላይ ግን እያንዳንዱ የራሱን ቀረጥ ይጥላል። በጉምሩክ ኅብረት ለውጭ ዕቃ የሚጣለውም ቀረጥ የጋራ ይሆናል። በጋራ ገበያ ሰው፣ ካፒታልና አገልግሎት ይንቀሳቀሳሉ። ከዚያ በላይ ያለው አንድ ገንዘብ ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ የጉምሩክ ኅብረቱን በ2005፣ የጋራ ገበያውን በ2010 ጀምሯል። የጋራ ገንዘቡ ለ2024 ታስቦ ነበር፤ ወደ 2031 ተገፍቷል።

ይህ ማኅበረሰብ ከየት መጣ?

የመጀመሪያው በ1967 ተቋቁሞ በ1977 ፈረሰ። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ በ1999 አዲስ ውል ፈረሙ፤ ውሉ በ2000 ሥራ ላይ ዋለ። ሩዋንዳና ቡሩንዲ በ2007፣ ደቡብ ሱዳን በ2016፣ ዴሞክራቲክ ኮንጎ በ2022፣ ሶማሊያ በ2024 ገቡ። አሁን ስምንት ናቸው፤ ዋና መሥሪያ ቤቱ ታንዛኒያ ውስጥ አሩሻ ነው። ካርታውን ዘርግቶ ላየ ሰው ኢትዮጵያ ከሦስቱ ማለትም ከኬንያ፣ ከደቡብ ሱዳንና ከሶማሊያ ጋር ትዋሰናለች። ጥያቄው በየመንገዱ የሚነሣውም ለዚህ ነው።

ማኅበር ስንገባ ዕቃ ይረክሳል?

አንዳንዱ ይረክሳል። የረከሰ ዕቃ ሁሉ ግን አገሪቱን አትርፏል ማለት አይደለም፤ ይህን ነጥብ በክፍል ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ ካልደጋገምኩ አላልፍም።

ጃኮብ ቫይነር የተባለው የምጣኔ ሀብት ምሁር በ1950 ንግድን በማዛወርና ንግድን በመፍጠር መካከል ያስቀመጠው ልዩነት እስከ ዛሬ የዚህ ትምህርት መሠረት ነው። ለምሳሌ ያህል ብቻ በወሰድኳቸው ቁጥሮች ላስረዳ። አንድ ካርቶን ሳሙና ከኬንያ በ100 ብር፣ ከቻይና በ85 ብር ይገኛል፤ ቀረጡ 35 በመቶ ነው እንበል። ሁለቱም ቀረጥ ሲከፈልባቸው የኬንያው 135 ብር፣ የቻይናው 114 ብር ከ75 ሳንቲም ይሆናል፤ ነጋዴው የቻይናውን ያመጣል። ከኬንያ ጋር አንድ የጉምሩክ ኅብረት ውስጥ ብንሆን ግን የኬንያው በ100 ብር ይገባል። ሸማቹ 14 ብር ከ75 ሳንቲም አተረፈ። የመንግሥት ካዝና 29 ብር ከ75 ሳንቲም አጣ። አገሪቱም 85 ብር ታወጣበት ለነበረው ሳሙና 100 ብር፣ ያውም በውጭ ምንዛሪ፣ መክፈል ጀመረች። ይህ ንግድን ማዛወር ይባላል፤ ከርካሹ አምራች ወደ ውዱ ማኅበርተኛ ተዛወርን።

ንግድን መፍጠር የሚባለው ሌላ ነው። ከሩቅ አገር ትኩስ ሊመጣ የማይችል ዕቃ እንውሰድ፤ ወተት ይሁን። እዚህ በ130 ብር ይመረታል፣ ኬንያ በ100። ቀረጥ ሲጨመርበት 135 ስለሚደርስ የኬንያው አይገባም ነበር። ቀረጡ ሲነሣ ይገባል፤ ሸማቹ 30 ብር ያተርፋል፣ መንግሥትም ቀድሞ ከዚህ ወተት የሚሰበስበው ስላልነበረ የሚያጣው የለም። የሚጎዳው በሐዋሳ ዙሪያ ሦስት ላም ይዞ ወተት የሚሸጠው ሰው ነው። በትርፉ ከተማው ይደሰታል፤ ለዚያ ሰው ግን መኖ የሚረክስበት ወይም ወተቱን አቀነባብሮ የሚሸጥበት መንገድ አስቀድሞ ካልተዘጋጀ ትርፉ በእርሱ ጀርባ የመጣ ነው።

ኢትዮጵያ የምትሸምተው በብዛት ከቻይና፣ ከህንድና ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ነው፤ ከጎረቤቶቿ የምትገዛው ትንሽ ነው። ስለዚህ ለእኛ ንግድን የማዛወሩ አደጋ እውነተኛ ነው። የማኅበረሰቡ የጋራ ቀረጥ ለጥሬ ዕቃ 0፣ በከፊል ለተሠራ 10፣ ላለቀለት ዕቃ 25 በመቶ ሲሆን፣ በ2022 ለተመረጡ ዕቃዎች 35 በመቶ ተጨምሮበታል። የእኛም ከፍተኛው የቀረጥ መጠን 35 በመቶ መሆኑን ልብ ይሏል።

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ይጠቀማል?

ሊጠቀም ይችላል፤ ነገር ግን የትናንቱን ሳንረሳ እንነጋገር። ፓርኩ በ2016 ሲመረቅ ዋና ተስፋው የአሜሪካ ገበያ ነበር፤ አጎዋ በሚባለው ሕግ ልብሱ ያለ ቀረጥ ይገባ ነበር። በ2022 የመጀመሪያ ቀን ኢትዮጵያ ከዚያ ዕድል ተሰረዘች። ከይርጋለም፣ ከአለታ ወንዶና ከየገጠሩ የመጡ ብዙ ወጣት ሴቶች ሥራ ሲያጡ አይተናል። አጎዋ ስምምነት አልነበረም፤ አንዱ ወገን ሰጥቶ ራሱ የሚነሣው ችሮታ ነበር። የማኅበር አባልነት በዚህ ይለያል፤ መብቱ በውል ላይ የተጻፈ ነው፣ መውጣትና ማስወጣትም ሥርዓት አለው። ለፋብሪካ ባለቤት ይህ መተማመን ከቀረጡ ቅናሽ አይተናነስም።

ሌላው ወገን ደግሞ አለ። አባል የሆነ አገር ብዙ ነገር ብቻውን መወሰን አይችልም። የማኅበረሰቡ መሪዎች በ2016 ሰልባጅን ቀስ በቀስ ለማስቀረት ተስማምተው ነበር። አሜሪካ ተቃወመች። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ ወደኋላ አሉ፤ ሩዋንዳ ብቻዋን ጸናች፣ በ2018ም የልብስ ምርቷ ከአጎዋ ታገደ። እኛም በ2024 መጀመሪያ ነዳጅ የሚጠቀሙ መኪኖች እንዳይገቡ ስንከለክል ማንንም አላማከርንም። በጉምሩክ ኅብረት ውስጥ ብንሆን ኖሮ ጉዳዩ አሩሻ ድረስ ይሄድ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ቀረጥ የሚነሣው በማኅበሩ ውስጥ ለተሠራ ዕቃ ነው። ከእስያ የመጣ ጨርቅ ሐዋሳ ላይ ተቆርጦ ቢሰፋ ሸሚዙ የኢትዮጵያ ነው ወይስ አይደለም? መልሱ የሚወሰነው የሥሪት አገር ደንቡ በሚጠይቀው የአገር ውስጥ ሥራ መጠን ነው። ለፓርኩ ወሳኙ ድርድር ይህ አንቀጽ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስለ እርሱ ሲወራ ግን አልሰማም።

የሲዳማ ቡናስ?

ብዙም አይነካም። ቡናችን የሚሄደው ወደ ጀርመን፣ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ አሜሪካና ጃፓን ነው። ኬንያና ኡጋንዳ ራሳቸው ቡና ሻጮች ናቸው።

እኛ ውጭ እያለን ሶማሊያ መግባቷ ይነካናል?

አዎን፤ ይህ ጥያቄ ከ«ብንገባ» ይልቅ አስቸኳይ ነው። ማኅበር በሩን ለአንዱ ሲከፍት ደጅ ለቀረው ያው በር እንደ ግድግዳ ነው።

ጫትን ተመልከቱ። ስለ ጫት ያለኝ አስተያየት ሌላ ነው፤ የብዙ ገበሬ ኑሮ የተንጠለጠለበት መሆኑን ግን መካድ አይቻልም። የኬንያ ጫት ለሁለት ዓመት ያህል ወደ ሞቃዲሾ እንዳይገባ ተከልክሎ ቆይቶ በ2022 ተፈቀደ። የጉምሩክ ኅብረቱ ደንብ በሶማሊያ ሙሉ በሙሉ ሲሠራ የኬንያው የማኅበርተኛ ዕቃ፣ የእኛው የውጭ ሰው ዕቃ ይሆናል። እኛም ሶማሊያም ኮሜሳ ውስጥ ብንሆንም ኢትዮጵያ ከነፃ ቀጠናው ውጭ ሆና መቆየቷ እዚህ ላይ ዋጋ ያስከፍላል።

በሌላ በኩል በሶማሊያ ወደቦች በአነስተኛ ቀረጥ የገባ ዕቃ በረጅሙ ድንበራችን በኮንትሮባንድ እንደሚገባ ሁላችንም እናውቃለን። ሶማሊያ የጋራውን ቀረጥ ስትጀምር ያ ዕቃ እዚያው ወደቡ ላይ ይወደዳል፤ የኮንትሮባንዱ ስሌትም ይለወጣል።

ድንበር ሲከፈት ሰው ሁሉ ነቅሎ አይሄድም?

በጣም የሚፈራው ይህ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚገመተውም በስህተት ነው። ሁለት የአውሮፓ ታሪኮች ልንገራችሁ።

ስፔንና ፖርቱጋል በ1986 ወደ ዛሬው የአውሮፓ ኅብረት ሲገቡ ነባሮቹ አባላት ድሃ ደቡባውያን ይጎርፉብናል ብለው ሠራተኞቻቸው በነፃነት እንዳይንቀሳቀሱ የዓመታት መሸጋገሪያ ጣሉ። ጎርፉ አልመጣም። አገር ቤት ተስፋ ሲታይ ቀድሞ የሄዱት ብዙዎች ተመለሱ።

በ2004 ሜይ 1 ቀን ደግሞ አሥር አገሮች በአንድ ጊዜ ገቡ፤ ትልቋ ፖላንድ ነበረች። ለብሪታኒያ መንግሥት የተሠራው ጥናት በዓመት ከ5,000 እስከ 13,000 ሰው ይመጣል ብሎ ገመተ። የመጡት ግን በመቶ ሺህዎች ናቸው፤ ከአሥር ዓመት ጥቂት ካለፈ በኋላ ብሪታኒያ ውስጥ የሚኖሩ የፖላንድ ተወላጆች ብቻ ወደ 900,000 ተጠግተው ነበር። ግምቱ እንዲህ የሳተበት አንዱ ምክንያት ጀርመንም በሯን ትከፍታለች ተብሎ መታሰቡ ነው። ጀርመንና ኦስትሪያ ግን የተፈቀደላቸውን ሰባት ዓመት ሙሉ እስከ 2011 ዘጉ። ወዲያው የከፈቱት ብሪታኒያ፣ አየርላንድና ስዊድን ብቻ ነበሩ።

ከእነዚህ የምወስደው አንድ ነገር ነው። የሰው ፍልሰት የሚወሰነው ማኅበሩ ውስጥ በመግባት ብቻ አይደለም፤ የትኛው በር መቼ እንደተከፈተና ሌሎቹ ተከፍተው ወይም ተዘግተው እንደነበር ይወስነዋል። ስለዚህ የአባልነት ክርክር ውስጥ ዋናው ቃል «መግባት» ሳይሆን «ቅደም ተከተል» ነው እላለሁ።

ሰው የሚሄድበት አገር ምን ይደርስበታል?

በ2004 ከገቡት አሥር አገሮች አንዷ ላትቪያ በ2000 ወደ 2.4 ሚሊዮን ሕዝብ ነበራት፤ ዛሬ ከ1.9 ሚሊዮን በታች ናት። የወሊድ ማነስም አለበት፤ ፍልሰቱ ግን ትልቅ ድርሻ ነበረው። የሚሄደው ወጣቱና የተማረው ነው። ተማሪ ያነሰባቸው ትምህርት ቤቶች ይዘጋሉ፣ የገጠር ሐኪም ይጠፋል፣ ጡረተኛውን የሚደግፍ ግብር ከፋይ ይሳሳል።

ፖላንድ በተቃራኒው ናት። በ2004 የአንድ ፖላንዳዊ አማካይ ገቢ፣ የዋጋ ልዩነት ተስተካክሎ፣ ከኅብረቱ አማካይ ግማሽ ያህል ነበር፤ በሃያ ዓመት ውስጥ ወደ አራት አምስተኛ ተጠጋ። ዛሬ እርሷ ራሷ ከዩክሬን ሠራተኛ ትቀበላለች። ይህ የሆነው ግን በነፃ ገበያ ብቻ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት ለአዳዲሶቹ አባላት መንገድ፣ ባቡርና የውሃ መስመር የሚሠራበት ከፍተኛ ገንዘብ ይመድባል። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ እንዲህ ያለ ካዝና የለውም፤ አባላቱ መዋጮአቸውን በወቅቱ መክፈል እንኳ ያቅታቸዋል። የፖላንድን ውጤት ጠቅሶ ለእኛ ተስፋ የሚሰጥ ሰው ይህን አብሮ ሊናገር ይገባል።

ሠራተኛ በሚመጣበት ከተማስ ደመወዝ ይወርዳል? ኪራይ ይወደዳል?

በብሪታኒያ የተደረጉ ጥናቶች አብዛኞቹ በአማካይ ደመወዝ ላይ የታየው ለውጥ ትንሽ መሆኑን ነው ያገኙት። አማካይ ግን ብዙ ነገር ይሸፍናል። ቦስተን የምትባል በምሥራቅ እንግሊዝ ያለች የእርሻ ከተማ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ብዙ የምሥራቅ አውሮፓ ሠራተኞች መጡባት፤ ክሊኒኩና ትምህርት ቤቱ በዚያው ፍጥነት አልሰፋም። በ2016ቱ ሕዝበ ውሳኔ ከመራጮቿ 75.6 በመቶው ከኅብረቱ እንውጣ አሉ፤ በአገሪቱ ከፍተኛው ነበር።

ይህን ለመረዳት እንግሊዝ መሄድ አያስፈልገንም። ፓርኩ ሲከፈት ሠራተኞቹ ወደ ከተማችን ሲመጡ ምን እንደሆነ እናስታውሳለን። ግቢ ውስጥ ያለች አንዲት ክፍል ለአራት ልጆች ተከራየች፤ ባለቤቶች ክፍሉን በኮምፔርሳቶ እየከፈሉ አከራዩ። በ2019 የአዲስ ተቀጣሪ መነሻ ደመወዝ በወር 26 የአሜሪካ ዶላር ያህል ነበር፤ ከዚያ ላይ ኪራይ ሲወጣ ምን እንደሚቀር ልጆቹን ጠይቁ። እነርሱ ድንበር አልተሻገሩም፤ ከዚያው ከክልሉ ነው የመጡት። ከተማን የሚያስጨንቀው የመጪው ሰው ዜግነት ሳይሆን ቤት፣ ውሃና መጓጓዣ ሳይዘጋጅ በአንድ ጊዜ መምጣቱ ነው።

ኢትዮጵያ አባል ብትሆን ወደ ደቡብ አፍሪካ ለሚሄዱ ልጆቻችን መንገዱ ይቀልላቸዋል?

ይህን የሚጠይቁኝ እናቶች ስለሆኑ ቀስ ብዬ ልመልስ።

ልጆቹ የሚሄዱት ማኅበር ሳይኖር ነው። ከሐዋሳ፣ ከሆሳዕናና ከዱራሜ ተነሥተው በሞያሌ ኬንያ፣ ከዚያ ታንዛኒያ፣ ከዚያ ማላዊ ወይም ዛምቢያ፣ ሞዛምቢክ እያሉ ይወርዳሉ። በማርች 2020 ሞዛምቢክ ውስጥ ቴቴ በተባለው ግዛት በጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ ከነበሩት ኢትዮጵያውያን 64ቱ አየር አጥሯቸው ሞተው ተገኙ። ይህን ቁጥር በክፍል ውስጥ ስናገር ወንድሙን የሚያስብ ተማሪ ሁልጊዜ አለ።

ኢትዮጵያ አባል ብትሆን እስከ ታንዛኒያ ደቡባዊ ድንበር ያለው መንገድ ሕጋዊ የመሆን ዕድል ያገኛል። ማኅበረሰቡ እዚያ ያልቃል። ማላዊ፣ ዛምቢያ፣ ሞዛምቢክና ደቡብ አፍሪካ የሌላ ማኅበር፣ የደቡባዊ አፍሪካ አገሮች የሚገኙበት የሳዴክ አባላት ናቸው። እጅግ አደገኛ ከሆኑት የጉዞው ክፍሎች ብዙው የሚጀምረው ከዚያ ወዲያ ነው። ስለዚህ «አባል ከሆንን መንገዱ ተከፈተ» የሚል ደላላ ቢመጣ አትመኑት።

ኢትዮጵያውያን ዛሬም ለአጭር ጉብኝት ኬንያ የሚገቡት ያለ ቪዛ ነው። እዚያ የሚጎድለው ነገር ቪዛ አይደለም፤ የሥራ ፈቃድ ነው። ልጁ ናይሮቢ ላይ በፓስፖርቱ ይገባል፤ ሠርቶ መኖር ሲያቅተው ወይም ከጅምሩ መድረሻው ሩቅ ሲሆን በደላላ እጅ ይወድቃል።

አባል ብንሆን ኬንያ ወይም ታንዛኒያ ሄጄ መሥራት እችላለሁ?

እንደ ሙያህ ነው። የጋራ ገበያው ውል እያንዳንዱ አገር ለየትኛው ሙያ በሩን እንደሚከፍት የሚዘረዝር አባሪ አለው። በብዛት የተከፈተው ለመምህር፣ ለመሐንዲስ፣ ለባለሙያ ቴክኒሻን ነው፤ ለቀን ሠራተኛ አይደለም። በሞያሌ በኩል የሚወጣው ወጣት ግን በአብዛኛው ዲፕሎማ የሌለው ነው። በሩ የተሠራው ለአንዱ፣ የሚያንኳኳው ሌላው ነው።

በወረቀት የተከፈተውም አንዳንዴ ይዘጋል። ታንዛኒያ በ2025 የውጭ አገር ዜጎች 15 ዓይነት አነስተኛ ሥራዎችን እንዳይሠሩ ከለከለች፤ ቅሬታው የመጣው ከማኅበርተኛዋ ከኬንያ ነበር። ኬንያም በ2021 የኡጋንዳንና የታንዛኒያን በቆሎ መርዛማ ሻጋታ አለበት ብላ ለጥቂት ቀናት አግዳ ነበር። ሩዋንዳም ከኡጋንዳ ጋር የሚያገናኛትን ዋና የጋቱና መተላለፊያ ለሦስት ዓመት ያህል እስከ 2022 ዘግታው ነበር።

ለመግባት ስንት ጊዜ ይፈጃል?

ሶማሊያ ያመለከተችው በ2012 ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት ፈጅቶባታል። ኮንጎ ፈጥና ገባች፤ ግዙፍ ገበያ ስለሆነች የኬንያ ባንኮች ገና ከመግባቷ በፊት እዚያ ባንክ መግዛት ጀምረው ነበር። ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ያመለከተችው በ2003 መሆኑን ስታስቡ ድርድር በእኛ ዘንድ ምን ያህል እንደሚረዝም ትገምታላችሁ።

ርዝመቱ ራሱ ግን ክፉ አይደለም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ተደራዳሪዎቻችንን የማግኘት ዕድል ቢኖረኝ የምጠይቃቸው ሦስት ነገር ነው፤ ለወተትና ለልብስ አምራቹ ቀረጡ በስንት ዓመት ውስጥ ነው ደረጃ በደረጃ የሚወርደው? ሐዋሳ ላይ የተሰፋ ሸሚዝ የኢትዮጵያ ተብሎ ይቆጠራል? በሙያ ዝርዝሩ ውስጥ ግንበኛ፣ ልብስ ሰፊና ሾፌር ይገባሉ?

አሁን በሞያሌ ዕቃ የማመላልስ ነጋዴ ነኝ፤ እስከዚያ ምን ላድርግ?

ሞያሌ ላይ በ2020 መጨረሻ የተመረቀው የጋራ ድንበር መቆጣጠሪያ ሁለቱ አገሮች ፍተሻውን በአንድ ቦታ እንዲጨርሱ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ከሐዋሳ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደርሶ ወረቀት ጎድሎ መመለስ ያሳዝናል። ለምትልከው ዕቃ የሥሪት አገር ማረጋገጫ ከመነሣትህ በፊት አውጣ። ለምግብና ለእርሻ ምርት የጤና ማረጋገጫውን ያዝ። ደረሰኝህን አትጣል፤ ቀረጥ የሚቀንስ ስምምነት በሥራ ላይ ሲውል ቀድሞ የሚጠቀመው ዕቃው ከየት እንደመጣ በወረቀት ማሳየት የሚችለው ነጋዴ ነው።